መሣሪያው ይንገራችሁ እንጂ አይያዛችሁ

(በጅማ ከተማ ለጎልፍ ጀማሪዎች የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የተጻፈ)

ክቡራትና ክቡራን፣ እንደምን አመሻችሁ። በዚህ ዝናብ ከቤት ወጥታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። መቼስ ጅማ ላይ ዝናብ እየፈራን ብንቀር ኖሮ በዓመት ስንት ስብሰባ ይካሄድልን ነበር?

የተሰጠኝ ርእስ «የጎልፍ ጀማሪ የትኛውን የልምምድ መሣሪያ ይምረጥ?» የሚል ነው። አጭሩ መልስ፦ ከምታስቡት ያነሰ፣ ከምታስቡትም የረከሰ። ረጅሙን መልስ ለመስጠት ነው እዚህ የቆምኩት።

አዳራሹን ስቃኝ የስፖርት መምህራንን አያለሁ፤ ጨዋታውን በቴሌቪዥን አይተው የወደዱ ወጣቶችን አያለሁ፤ ከውጭ አገር ዘመድ የተላከለትን ዱላ አልጋ ሥር አስቀምጦ «መቼ ይሆን የምሞክረው?» የሚል ሰው እንዳለም ሰምቻለሁ። ሁላችንን የሚያመሳስለን የጎልፍ ሜዳ በደጃችን አለመኖሩ ነው። ብዙዎች ይህን የማይታለፍ እንቅፋት ያደርጉታል። እኔ አልስማማም። ጀማሪ በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚማራቸው ነገሮች በግቢና በሳሎን ውስጥ የሚያልቁ ናቸው፤ ዱላውን መያዝ፣ ኳሷን በዱላው ፊት፣ ማለትም ኳስ በሚነካው የዱላው ገጽ፣ መሀል ማግኘት፣ ያንኑ ፊት ወደ ዒላማው ማቅናት፣ አጭር ርቀት ማንከባለል። ሜዳ ቢኖረንም እንኳ ሄደን የሰው ሣር ከማረሳችን በፊት እነዚህን ቤታችን ብንጨርስ ይሻለን ነበር።

ችግሩ የሚጀምረው ስልካችንን ስንከፍት ነው። ክንድ የሚያስር ቀበቶ፣ የእጅ አንጓ የሚቆልፍ ማሰሪያ፣ መካከሉ ላይ የሚታጠፍ ዱላ፣ ጫፉ የከበደ ዘንግ፣ የገባውን ኳስ መልሶ የሚተፋ ማሽን፣ ጨረር የሚያበራ ፓተር (የኳስ ማንከባለያ ዱላ)፤ ማለቂያ የለውም። ሁሉም «በጥቂት ቀን ሌላ ሰው አደርግሃለሁ» ይላሉ። ይህን ሁሉ ለመለየት የምጠቀምበት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ ይህ ዕቃ ይናገራል ወይስ ይይዛል?

የሚይዝ መሣሪያ ሰውነታችሁን አስሮ ትክክል ወደተባለው ቦታ ይወስደዋል። ታስራችሁ እስካላችሁ ድረስ አመታታችሁ ያምራል። ስትፈቱት ግን ሥራውን ይሠራ የነበረው ማሰሪያው እንደነበር ይገለጣል። የሚናገር መሣሪያ እንደ ግንበኛ ውኃ ልክ ነው፤ ግድግዳውን አያቀናም፣ መጣመሙን ግን ሳያፍር ይናገራል፤ ማቅናቱ የግንበኛው ፈንታ ነው።

ይህ የእኔ ፈሊጥ ብቻ አይደለም። የእንቅስቃሴ ትምህርት ተመራማሪዎቹ ሳልሞኒ፣ ሽሚት እና ዋልተር እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተሙት የዳሰሳ ጽሑፍ ቀድሞ የተለመደውን እምነት ተገዳደሩ። ተማሪ ከእያንዳንዱ ሙከራ በኋላ ውጤቱ ሲነገረው በልምምዱ ሰዓት ጥሩ ይሠራል። ያ መረጃ ሲነሣበት ግን ብዙውን ጊዜ ወደ ኋላ ይቀራል፤ በራሱ ስሜት ስሕተቱን ማወቅ ትቶ መረጃውን ተደግፎ ቆይቷልና። ስለዚህ የሚናገረውን መሣሪያ እንኳ በየምቱ አታናግሩት። አራት አምስት ኳስ ምቱ፤ ምን እንደሆነ በልባችሁ ገምቱ፤ ከዚያ ጠይቁት። ግምታችሁና መልሱ መቀራረብ ሲጀምሩ መሣሪያው ሥራውን ጨርሷል ማለት ነው።

ሌላው ጥናት በቀጥታ ጎልፍን ይመለከታል። ቩልፍ፣ ላውተርባህ እና ቱል እ.ኤ.አ. በ1999 ለጨዋታው አዲስ የሆኑ ሰዎችን በሁለት ቡድን ከፍለው አጭር ምት አስለመዱ። አንደኛው ቡድን ሐሳቡን በክንዶቹ እንቅስቃሴ ላይ እንዲያሳርፍ ተነገረው፤ ሌላው በዱላው መወዛወዝ ላይ። በልምምዱም ሆነ በኋላ በተደረገው ፈተና ዒላማውን የተጠጉት ዱላውን ያሰቡት ሆኑ። ክርናችሁን፣ ጉልበታችሁን፣ ትከሻችሁን እየቆጠረ የሚያስጨንቃችሁን ዕቃ በጥርጣሬ የማየው በዚህ ምክንያት ነው። ዓይናችሁን ወደ ኳሷ፣ ወደ ዱላው ፊትና ወደ መሬቱ የሚመልሰው ይሻላል።

እንግዲህ ወደ ዕቃዎቹ። የመጀመሪያው ዱቄት ነው። አዎ፣ ዱቄት! የሕፃናት ገላ ፓውደርም ይሆናል፤ የተፈጨ ጠመኔም ይሆናል። የዱላችሁን ፊት በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ፤ ፓውደሩን በጣታችሁ ስስ አድርጋችሁ ቀቡት፤ በፊቱ ላይ በተቀረጹት መስመሮች መካከል ያለው ብረት ነጣ እስኪል ብቻ። አሁን ኳስ ምቱ። ዱላውን ገልብጣችሁ ስታዩ ፓውደሩ የተነሣበት ክብ ምልክት ታገኛላችሁ። ምልክቱ ከመስመሮቹ መሀል፣ ከፊቱ ወገብ ትንሽ ዝቅ ብሎ ከተቀመጠ እጃችሁ ላይ ምንም ንዝረት አልተሰማችሁም፤ ኳሷ ሳትታገል ሄዳለች። ወደ ጫፉ ከሸሸ ዱላው በእጃችሁ ውስጥ ሊዞር ሞክሯል። ወደ ተረከዙ፣ ማለትም ዘንጉ ከብረቱ ጋር ወደሚጋጠምበት ማእዘን ከተጠጋ፣ ቀጣዩ ኳስ በቀጥታ ወደ ጎን ተፈናጥሮ የጎረቤት መስኮት ሊፈልግ ይችላል።

አንድ ምልክት ምንም አይነግራችሁም። ጥርግ ሳታደርጉ አምስት ያህል ምልክት አከማቹና እዩት። ምልክቶቹ በአንድ ቦታ ተሰብስበው ነገር ግን ወደ ጫፉ ካደሉ ችግሩ ቀላል ነው፤ ምናልባት ከኳሷ ርቃችሁ ቆማችኋል፤ ግማሽ ጋት ጠጋ ብላችሁ ድገሙት። በፊቱ ሁሉ ላይ ከተበተኑ ግን የአቋቋም ነገር አይደለም። እያንዳንዱ ምት የተለየ ነውና ኃይላችሁን በግማሽ ቀንሱ፤ ዱላውን ከወገባችሁ በላይ አታንሡ፤ ምልክቶቹ እስኪሰበሰቡ ድረስ እዚያው ቆዩ። ብዙ ጀማሪ እዚህ ላይ ትዕግሥቱ ያልቃል፤ ሙሉ ምት ይናፍቃል። ይናፍቅ። አንድ ጥንቃቄ ብቻ ልጨምር፦ ፓውደር በፊቱና በኳሷ መካከል ያለውን ሰበቃ ስለሚቀንስ የኳሷን ሽክርክሪት ይለውጣል፤ ፓውደር ተቀብቶ እያለ ኳሷ በአየር ላይ በሄደችበት መንገድ ራሳችሁን አትመዝኑ። ይህ መሣሪያ የሚናገረው ስለ ንክኪ ቦታ ብቻ ነው።

ሁለተኛው አመድ ነው። የብረት ዱላ፣ አይረን የምንለው፣ ኳሷን ቀድሞ፣ መሬቱን ቀጥሎ መንካት አለበት። ጀማሪ ተቃራኒውን ያደርጋል። ኳሷን ከሥሯ ማንኪያ አግብቶ ወደ ላይ ሊያነሣት ይፈልጋል፤ ኳስን ወደ ላይ የሚያነሣት ግን የዱላው ፊት ዝንባሌ ነው፤ ለዚህ ነው ተዘንብሎ የተሠራው። በገና ጨዋታ ያደጋችሁ እዚህ ላይ ትንሽ ትቀድማላችሁ፤ ሩሯን ስትመቱ ማንም «አንሣት» ብሏችሁ አያውቅም።

ልምምዱ እንዲህ ነው። ሣር ወይም ለስላሳ አፈር ላይ በአመድ ቀጭን መስመር አስምሩ። ኳስ አታስቀምጡ። መስመሩ በሁለት እግሮቻችሁ መካከል እንዲውል ቁሙና ዱላውን አወዛውዙ። ከዚያ መሬቱን እዩት። ዱላው ሣሩን የጫረው ከመስመሩ ጀምሮ ወደ ዒላማው ወገን ከሆነ ኳስ ብትኖር ኖሮ በደንብ ትመታ ነበር። ጭረቱ ከመስመሩ ኋላ ከጀመረ አፈር መትታችኋል። መሬቱ ይህን ሲነግራችሁ ምንም አስተያየት አይጨምርም፤ አሠልጣኝ ግን ይጨምራል፤ እኔን ጨምሮ። የእግር ኳስ ሜዳ ማስመሪያውን ኖራ ለዚህ አትጠቀሙ፤ ዱላው ሲያበንነው ዓይን ውስጥ ቢገባ ጉዳት ያደርሳል። አመድ ከማድቤት አይጠፋም።

መሬቱ ሲጨቀይ፣ ማለትም እኛ ዘንድ የዓመቱን ብዙ ክፍል፣ አመዱን በፎጣ ተኩት። ፎጣ አጥፋችሁ ከኳሷ ኋላ አንድ ጋት ያህል ርቀት ላይ አንጥፉ። ዱላው ፎጣውን ካፈሰ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ግልጽ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ሰው ሠራሽ ሣር ምንጣፍ አንድ ነገር ማለት አለብኝ፤ ሰዎች መጀመሪያ ለመግዛት የሚቸኩሉት እሱን ነውና። ስስ ምንጣፍ ሲሚንቶ ላይ ተነጥፎ ሲመታ ሁለት ነገር ያደርጋል። አንደኛ፣ ይዋሻል። ዱላው ከኳሷ ኋላ ቢያርፍም በምንጣፉ ላይ ተንሸራትቶ ኳሷን ያገኛታል፤ እናንተም ጥሩ የመታችሁ ይመስላችኋል። በእርጥብ አፈር ላይ ያው ምት ዱላውን ቀርቅሮ ያስቀረው ነበር። ሁለተኛ፣ ከሥር ያለው ሲሚንቶ ምቱን ወደ እጃችሁ ይመልሰዋል፤ አንጓና ክርን የሚታመሙት እንዲህ ነው። ምንጣፍ የግድ ከሆነባችሁ ወፍራም ይሁን፤ ከሥሩ ጎማ ወይም ስፖንጅ አንጥፉ፤ ፎጣዋንም ከኋላ አትርሱ።

ሦስተኛው ጉዳይ ፓተር ነው፤ ኳስን በሣሩ ላይ ወደ ጉድጓድ የምናንከባልልበት ዱላ። ከሁሉም በላይ ለቤት ልምምድ የሚመቸው ይህ ነው፤ ማስታወቂያውም የሚበዛው በዚሁ ላይ ነው። ትንሽ ሒሳብ እንሥራ፤ መምህራኑ ይፍረዱኝ። የጎልፍ ጉድጓድ ስፋት 108 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከመሀሉ እስከ ጠርዙ 5.4 ሴንቲ ሜትር። ሕጉ የሚፈቅደው ትንሹ የኳስ ስፋት 42.67 ሚሊ ሜትር ነው። ጉድጓዱ 3 ሜትር ርቀት ላይ ቢሆንና ኳሷ ከትክክለኛው አቅጣጫ አንድ ዲግሪ ብቻ ብትስት፣ ጉድጓዱ ጋ ስትደርስ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ትርቃለች። ጠርዙን ትታከካለች ማለት ነው። ያቺን አንድ ዲግሪ በአብዛኛው የሚወስናት ንክኪው ላይ የፓተሩ ፊት ወዴት እንደዞረ ነው። ዓይን ይህን አያየውም።

ይህን የሚነግራችሁ መሣሪያ ሁለት ሚስማር ነው። አንድ የተላገ ጠፍጣፋ ጣውላ ውሰዱ፤ ከአንድ ግንድ በርጩማ የሚቀርጹ እጆች ባሉባት ከተማ ጣውላ የሚያስተካክል አናጢ አናጣም። በጣውላው ላይ ኳሷ የምታልፍበት በር እንዲሆን ሁለት ሚስማር አቁሙ፤ በመካከላቸው ኳሷ ስታልፍ በግራና በቀኝ ግማሽ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ብቻ ይትረፍ። ጣውላውን ከኳሷ ፊት ለፊት፣ በሩ ከኳሷ ግማሽ ሜትር እንዲርቅ አድርጋችሁ አስቀምጡ። ጣውላው ኳሷን እንዳያነጥራት ጠርዙ ስስ ይሁን፤ ወይም ጣውላውን ትታችሁ ምንጣፍ ላይ ሁለት ሳንቲም ጎን ለጎን አስቀምጡ። አሁን ኳሷን በበሩ አሳልፉ። ሚስማሩን ሳትነካ ካለፈች ግማሽ ሜትር ላይ ከግማሽ ሴንቲ ሜትር በላይ አልሳተችም። 3 ሜትር የዚያ ስድስት እጥፍ ነው፤ ስሕተቷም ከ3 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም። ጉድጓዱ 5.4 ይሰጣችኋል። ወለሉ ደልዳላ እስከሆነ ድረስ ያች ኳስ ገብታለች፤ ጉድጓድ መቆፈር እንኳ አላስፈለጋችሁም።

ሚስማሩን ከነካችስ? የግራውን ከነካች ፊቱ ወደ ግራ ዞሯል፤ የቀኙን ከነካች ወደ ቀኝ። አሥር ኳስ ካንከባለላችሁ በኋላ የትኛው ሚስማር ይበልጥ እንደተነካ መቁጠር ነው። ወለላችሁ ደልዳላ መሆኑን ግን አስቀድማችሁ ፈትሹ። ብዙ ሊሾ ውኃው እንዲወርድ ሲባል ወደ ቤቱ በር አዘንብሎ ይሠራል። ኳሷን በቀስታ በአንድ መስመር ወዲያና ወዲህ አንከባልሏት፤ በሁለቱም አቅጣጫ ወደ አንድ ወገን ካደላች ቦታ ቀይሩ። አለበለዚያ የቤቱን ጥፋት በእጃችሁ ላይ ትጭናላችሁ።

ከዚህ ጋር ስትነጻጸር ኳስ መልሳ የምትተፋው ማሽን ጎንበስ ከማለት ታድናለች እንጂ ሌላ ቁም ነገር የላትም። ለወገብ ሕመምተኛ ካልሆነ አልመክርም። በጥቁር ማርከር መሀሉ ላይ መስመር የተሰመረበት ተራ መስታወት ግን ጥሩ ነገር ነው። መሬት አስቀምጣችሁ ኳሷን መስመሩ ላይ ስታደርጉ ዓይናችሁ ከኳሷ በላይ ይዋል ወይም ወደ እናንተ ወገን ጥቂት ይግባ፣ መስታወቱ ያሳያችኋል። ጠርዙን በፕላስተር ሸፍኑት።

አቅጣጫ ማስያዣ ዘንጎችን በአጭሩ ልለፋቸው፤ ዋጋቸው የማያከራክር ስለሆነ። ሁለት ቀጥ ያሉ ዘንጎች ናቸው፤ አንዱ ከእግር ጣቶቻችሁ ፊት፣ ሌላው ከኳሷ ማዶ፣ ሁለቱም ወደ ዒላማው ትይዩ። የምታነጣጥሩ የሚመስላችሁና በእውነት የቆማችሁበት አቅጣጫ ምን ያህል እንደሚለያዩ ታያላችሁ። በሂርማታ ገበያ የሚገኝ የኤሌክትሪክ ገመድ ማሳለፊያ የፕላስቲክ ቱቦ ወይም ቀጥ ያለ ቀርከሃ ያንኑ ሥራ ይሠራል።

ስልካችሁ ሌላው ጥሩ መሣሪያ ነው፤ በዘገምተኛ ምስል የሚቀርጽ ከሆነ። በወገብ ከፍታ፣ ከዒላማው በተቃራኒ ወገን፣ ከዒላማው መስመር ጋር ትይዩ አድርጋችሁ በጡብ ላይ አቁሙት። ሌላ ጊዜ ከፊት ለፊታችሁ። ሌላ ቦታ ላይ የሚቆም ስልክ አመታታችሁን አጣሞ ያሳያል፤ ቀና የነበረውን ልታበላሹት ትችላላችሁ። ደግሞም በ1984ቱ ጽሑፍ ላይ የተባለውን አስታውሱ። ሃያ ኳስ መትቶ ሃያ ጊዜ ስልኩን የሚያይ ሰው የሚለማመደው ስልክ ማየትን ነው።

አሁን ስለ ኳስ፤ ይህኛው የደኅንነት ጉዳይ ስለሆነ ድምፄን ከፍ ላድርግ። እውነተኛ የጎልፍ ኳስ ክብደቷ እስከ 45.93 ግራም ነው፤ ጠንካራ ናት፤ በጀማሪ እጅም ቢሆን በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ትወነጨፋለች። በኳስ ሜዳ፣ በትምህርት ቤት ግቢ፣ ሕፃናት ባሉበት መንደር በፍጹም አትመታም። «የእግር ኳስ ጎሉ መረብ ይይዛታል» የሚል ሰው አይጠፋም። የዚያ መረብ ዓይን ወደ 10 ሴንቲ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ነው፤ የጎልፍ ኳስ 4.3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ናት። ሳትነካው ታልፋለች። መረብ ከፈለጋችሁ ዓይኑ ከኳሷ ያነሰ፣ ለዚህ ተብሎ የተሠራ ይሁን። ወፍራም የጭነት መኪና ሸራም ያገለግላል፤ ታችኛው ጫፉ ልቅ ሆኖ እንዲንጠለጠል ተዉት። ከሥር ተወጥሮ የታሰረ ሸራ ኳሷን ወደ መቺው ይመልሳታል።

ለግቢ የሚሆኑት የስፖንጅ ኳስ ወይም ቀዳዳ ያላት የፕላስቲክ ኳስ ናቸው። ቀላል ስለሆኑ አየር ቶሎ ያቆማቸዋል፤ ስለ ርቀት ምንም አይነግሯችሁም፤ ስለ ንክኪ ግን ይነግሯችኋል። ከሁለቱም የሚረክሰውን ደግሞ ሁላችን በልጅነታችን ሠርተነዋል፦ የጨርቅ ኳስ። አሮጌ ካልሲ አጥብቃችሁ ጠቅልላችሁ ከጎልፍ ኳስ ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ ስፉት። ሸራ ላይ ሲያርፍ የሚሰጠው ድፍን ድምፅ በመሀል እንደተመታ ይናገራል፤ ዳር ሲመታ ድምፁ ይሰነጠቃል።

የማይገዙትን ልጥቀስ። አንጓና ክርን የሚቆልፉ ማሰሪያዎች ከጥያቄዬ አያልፉም፤ ይይዛሉ። የከበደው ዘንግ ሰውነት ለማሟሟቅ ካልሆነ ለጀማሪ ጥቅሙ አይታየኝም፤ ያልለመደ ጀርባን ያስቀይማል። መካከሉ የሚታጠፈው ዱላ ይናገራል፤ ስትቸኩሉ ወይም ከመስመር ስትወጡ ይታጠፋል፤ ነገር ግን በዋጋው ሁለት ያገለገሉ ደህና ዱላዎች ይገዛሉ። አንድ ላይ የምትለማመዱ ከሆናችሁ በመዋጮ አንድ ይበቃል፤ ለአንድ ሰው ግን ብክነት ነው። በሁለቱ ክንዶች መካከል የሚደረገው የሚነፋ ኳስ ማሰሪያ ቢመስልም ማሰሪያ አይደለም፤ ክንዶቹ ሲለያዩ ይወድቃል፣ መውደቁም ንግግር ነው። የልጆች ፕላስቲክ ኳስ ትንሽ አየር ቀንሳችሁለት ሞክሩት፤ ለአጭር ምት ብቻ።

ሕጌ የሚሰበርበት አንድ ቦታ አለ፤ እሱም የጣቶች ቅርጽ ተቀርጾበት የተሠራ የዱላ መያዣ ነው። ይህ በእርግጥ ይይዛል። ሆኖም አያያዝ ምቱ ከመጀመሩ በፊት በጸጥታ የሚደረግ ነገር ነው፤ እጅ ቦታውን ሲለምደው ያለ መያዣውም ያገኘዋል። ቴሌቪዥን እያያችሁ ይዛችሁት ተቀመጡ። ለግራኝና ለቀኝ የተለያየ መሆኑን አረጋግጡ፤ በጨዋታ ላይ ደግሞ እንዲህ ያለ መያዣ ያለው ዱላ በሕጉ አይፈቀድም።

ከውጭ ዘመድ የሚመጣላችሁ ከሆነ ምን ልበለው? ለሚሉኝ መልሴ እንዲህ ነው። አንድ ያገለገለ 7 ቁጥር አይረን፣ አንድ ያገለገለ ፓተር፣ ደርዘን የስፖንጅ ኳስ። በቃ። ሌላው ሁሉ ከገበያችን ይሟላል። ሕጉ በጨዋታ እስከ 14 ዱላ ይፈቅዳል፤ 14 ግዙ ግን አይልም። ዘመዳችሁ ዱላዎቹን በሚጫነው ሻንጣ ያድርጋቸው፤ በእጅ ይዞ ወደ አውሮፕላኑ ልግባ ቢል በብዙ አየር ማረፊያ ይወሰድበታል። ከኢንተርኔት የምታገኙት የርቀት ሠንጠረዥም በአብዛኛው ለቆላ የተሠራ መሆኑን አስታውሱ፤ ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች አየሩ ስስ ነው፤ ያው ምት እዚህ ከ5 እስከ 7 በመቶ ያህል ይረዝማል። ኩራቱን በዚያ ልክ ቀንሱት።

አንድ ቀን አዲስ አበባ ወይም ሌላ ቦታ ሄዳችሁ በውድድር ለመጫወት ዕድል ብታገኙ እነዚህን ዕቃዎች ቦርሳ ውስጥ እንደተዘጉ ተዉአቸው። የጎልፍ የበላይ አካላት የሆኑት አር ኤንድ ኤ እና ዩኤስጂኤ በጋራ የሚያወጡት ሕግ፣ ቁጥር 4.3፣ በዙሩ መካከል አቅጣጫ ማስያዣ ዘንግ መሬት ላይ ማስቀመጥንም ሆነ በልምምድ መሣሪያ ማወዛወዝን ይከለክላል። በምት ቆጠራ ውድድር የመጀመሪያው ጥፋት ሁለት ምት ያስቀጣል፤ ሁለተኛው ከውድድር ያስወጣል።

ከዚህ በኋላ ከተነሡት ጥያቄዎች ሁለቱን እዚህ አካትቻለሁ።

አንድ አባት፦ «ልጄ፣ ስልሳ አልፎኛል፤ ጀርባዬም እንደድሮው አይደለም። ይህ ሁሉ ለእኔ ይሆናል?»

አባቴ፣ ለእርስዎ ከሁላችንም ይቀላል ብዬ እነግርዎታለሁ። ፓተሩንና ሁለቱን ሚስማር ይውሰዱ፤ አይረኑን ለጊዜው ይተዉት። ኳስ የምትመልሰውን ማሽን አልመክርም ያልኩት ለእርስዎ አይሠራም፤ ይግዟት። በጨዋታው ላይ ከየትኛውም ሌላ ዱላ ይልቅ በፓተር የሚመቱት ምቶች ይበዛሉ፤ እዚያ ላይ ወጣቶቹን መቅጣት ይችላሉ።

አንዲት መምህርት፦ «የአሥር ዓመት ልጅ አለችኝ። የአባቷን ዱላ አስቆርጬ ልስጣት?»

እኅቴ፣ ባታስቆርጪው እመርጣለሁ። የአዋቂ ዱላ ሲያጥር ዘንጉ ይበልጥ ይደነድናል፤ የዱላው ራስ፣ ኳሷን የሚመታው ብረት፣ ደግሞ ክብደቱን አይቀንስም። ልጅቷ ዱላውን መምራት ሲያቅታት በመላ ሰውነቷ መጎተት ትጀምራለች፤ ያ ልማድ ደግሞ አብሯት ያድጋል። የልጆች ዱላ እስኪገኝ በአጭርና ቀላል እንጨት የጨርቅ ኳሱን ትምታ፤ ፎጣዋን ከኋላ አድርጊላት። ፓተር ግን ማሳጠር ብዙ ጉዳት የለውም፤ ምቱ አጭርና ቀስ ያለ ስለሆነ ክብደቱ አያስቸግራትም። ልኩን ለማግኘት ክንዶቿን ወደ ታች ዘና አድርጋ ጎንበስ ስትል እጆቿ በሚያርፉበት ቦታ ምልክት አድርጊ፤ አናጢው ከዚያ አንድ ጋት ተርፎ ይቁረጠው፤ እያደገች ነውና።

ጣውላውንና ሁለቱን ሚስማር ከአዳራሹ በር አጠገብ አዘጋጅቼዋለሁ። የአዳራሹ ወለል ወደ መስኮቱ ትንሽ ስለሚያዘነብል በርዝመቱ አቅጣጫ ነው ያስቀመጥኩት። ፓተሩ አንድ ብቻ ስለሆነ በተራ፤ ለአንድ ሰው አምስት ኳስ።